ስለ አሮጌ ካሚዮን መሪ መላላትና መጮኽ

በኢትዮጵያ ኤንትሬ እየተባለ ብዙ ዘመን እንዳገለገለው የፊያት ካሚዮን ባለ አሮጌ መኪና ላይ መሪው ሲላላ፥ የብዙ ሰው ሕይወት በእርሱ ላይ ነውና ቸል ሊባል አይገባም።

ምክንያቱን ለማግኘት ሞተሩ ይጥፋ፤ ጎማውም በድንጋይ ይታገድ። አንድ ሰው መሪውን በጥቂቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲያወዛውዝ ሌላው መጋጠሚያዎቹን ይመልከት። አንዱ ዘንግ ሲንቀሳቀስ ተከታዩ የሚዘገይ ከሆነ በመካከላቸው ያለው ቴስቲና አልቋልና ይለወጥ። የሚጮኸው መጋጠሚያ ግን ብዙ ጊዜ ግራሶ የጎደለው ነው። ደግሞ የፊት ጎማ በክሪክ ተነሥቶና በጠንካራ እንጨት ተደግፎ ከላይና ከታች ሲነቀነቅ ቢወላወል፥ ጉዳቱ በኩሽኔታው ወይም ጎማው በሚታጠፍበት ብረት ላይ ነው።

ይህ ሳይመረመር የመሪውን ሳጥን ቡሎን ብቻ ማጥበቅ ጉድለቱን ይሸፍናል እንጂ አያድንም፤ እጅግ ቢጠብቅም መሪው ከታጠፈ በኋላ ወደ ቀናው መመለስ ይሳነዋል።