ጉበት ሲደክም ፈንገስ ይደፍራል

ፈንገስ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን በቅባት የሚለቀው ጭርትና ቋቁቻ ነው። ጉበቱ ለዓመታት በታመመ ሰው ላይ ግን ፈንገስ ደም፣ ሳንባና የአንጎል ሽፋን ውስጥ ገብቶ ይገድላል። ነገሩ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሩቅ አይደለም። ሄፓታይተስ ቢ በአገራችን የተስፋፋ ነው፤ የሕፃናት ክትባቱ የተጀመረውም በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለደው አብዛኛው ሰው አልተከተበም። በሐይቅ አካባቢ በተማሪዎች ላይ የተገኘው ቢልሃርዚያም ጉበትን ይጎዳል።

ጉበት ከአንጀት የሚመጣውን ደም ያጣራል፤ ተሕዋስያንን የሚዋጉ ፕሮቲኖችንም ይሠራል። ሲጠጥር ሁለቱም ሥራዎች ይላላሉ። ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ በጤነኛ ሰው አንጀት ውስጥም ይኖራል፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ አንቲባዮቲክ ተቀናቃኞቹን ባክቴሪያዎች ሲያጠፋለት ግን ይበረታል። በአፈርና በርግብ ኩስ ውስጥ የሚገኘው ክሪፕቶኮከስ ደግሞ በትንፋሽ ገብቶ አንጎል ድረስ ይዘልቃል። ክፋቱ ምልክቱ መመሳሰሉ ነው፦ ትኩሳቱ የባክቴሪያ፣ መቃዠቱም የጉበት ድካም ያመጣው ይመስላል።

«ይህ ብርቅ ነው፤ ከባክቴሪያ መጀመር ይሻላል» የሚል ሐኪም ትክክል ነው። ስሕተቱ ሕመምተኛው ሳይሻለው አንቲባዮቲክ ላይ አንቲባዮቲክ መደረብ ነው። በደም ካልቸር ምርመራ ካንዲዳ የሚገኘው በፈንገሱ ከተጠቁት ሕሙማን በግማሽ ያህሉ ላይ ብቻ ስለሆነ «ምንም አልታየም» የሚለው ውጤት ጥርጣሬን አይዘጋም። «መሣሪያው የለንም» ለሚለውም፣ ክሪፕቶኮከስን በጥቂት ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚያሳየው ፈጣን ምርመራ በኤችአይቪ ሕክምና የታወቀ ነው፤ ለጉበት ሕመምተኛም ያገለግላል። «ፀረ ፈንገሱ ራሱ ጉበት ይጎዳል» የሚለው ስጋት እውነት አለው፤ የኬቶኮናዞል ክኒን አጠቃቀም በአውሮፓና በአሜሪካ በ2013 እ.ኤ.አ. የተገደበው በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁንና ይህ መድኃኒቱን ለመምረጥና ጉበትን በደም ምርመራ ለመከታተል የሚያስገድድ እንጂ ሕክምናውን ለመተው ምክንያት አይሆንም።

የዓለም ጤና ድርጅት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. እጅግ አደገኛ ካላቸው አራት ፈንገሶች መካከል ክሪፕቶኮከስና ካንዲዳ ይገኙበታል። ስለዚህ ጉበት የታመመ ዘመድ ያለው ቤተሰብ፣ ሰኞ ገበያ በወጣ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት አንቲባዮቲክ ገዝቶ ከመመለስ፣ ትኩሳቱ ወይም መቃዠቱ አልለቅ ሲል ሕመምተኛውን ሆስፒታል ያድርስ፤ ሐኪሙንም «ፈንገስ ይሆን እንዴ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህ ጥያቄ በጊዜ ከተነሣ ሕይወት ያተርፋል።