ሞተሩ ትናንት ወንጀል፣ ዛሬ ሜዳሊያ!

የዝውውር መስኮት ሲከፈት የሰፈራችን ልጆች እንቅልፍ እንደሌላቸው ታውቃላችሁ። «እገሌ ሊፈርም ነው»፣ «ኧረ የሕክምና ምርመራውን ጨርሷል»፣ «ማልያውን ይዞ የተነሳው ፎቶ ወጥቷል» ሲባል ክረምቱ ያልፋል። ልጁ ገና ኳስ ሳይነካ የሚያስቆጥረው ጎል ይደመርለታል። ይህ አባዜ የእግር ኳስ ደጋፊ ብቻ ከመሰላችሁ ግን ተሳስታችኋል። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተራሮች ዙሪያ ሌላ ዓይነት ደጋፊ አለ። እሱ የሚጠብቀው ተጫዋች ሳይሆን ብስክሌት ነው፤ ያውም በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ፣ አሞርዛተሩ ረዥም የሆነ የተራራ ብስክሌት።

ሰውየው ከእኛ ብዙም አይለይም። አንድ ታዋቂ ተወዳዳሪ ልምምድ ላይ ስሙ የተሸፈነ ቴላዮ ይዞ ከታየ አለቀ። ፎቶው ይጎላል፣ ሞተሩ የማን እንደሆነ ይገመታል፣ ክብደቱ በዓይን ይመዘናል። አምራቹ ደግሞ ዝውውሩን እንደሚደብቅ የክለብ ፕሬዚዳንት ዝም ይላል።

ለመሆኑ ይህን ያህል የሚጠበቀው ምን ስላለው ነው?

ዳገትም ቁልቁለትም

ጨዋታው ኢንዱሮ ይባላል። ተወዳዳሪው በአብዛኛው ወደ ተራራው ጫፍ የሚወጣው በራሱ ጉልበት ሲሆን፣ በተመደበለት ጊዜ እስከደረሰ ድረስ የፈጀው ደቂቃ አይቆጠርበትም። ሰዓቱ የሚያዘው ቁልቁል ሲወርድ ነው። የየምዕራፉ ሰዓት ተደምሮ ትንሹን ያስመዘገበው ያሸንፋል። መንገዱ ድንጋይ፣ የዛፍ ሥርና ገደል መሰል ዝላይ የበዛበት ነው። ለአገር አቋራጭ ውድድር የሚሠራ የተራራ ብስክሌት አሞርዛተሩ ከ100 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰምጣል፤ የኢንዱሮው ግን ከ160 እስከ 180 ይደርሳል።

ችግሩ፣ ቁልቁለት የሚወድ ብስክሌት ዳገት አይወድም። ረዥም አሞርዛተር፣ ወፍራም ጎማና ትልቅ ፍሬን ሲደመሩ ውጤታቸው ክብደት ነው። ሞተሩ የገባው እዚህ ጋ ነው። የአሜሪካው ስፔሻላይዝድ እ.ኤ.አ በ2017 ከፊትም ከኋላም 180 ሚሊ ሜትር አሞርዛተር ያለውን ኬኔቮን በሞተር ሲያቀርብ ነገሩ ግልጽ ሆነ። ወጥቶ አጥቅቶ፣ ሮጦ ተመልሶ የሚከላከል የመስመር ተከላካይ ተገኘ ማለት ነው።

ፔዳሉን ካልረገጡት ሞተሩ አይንቀሳቀስም። እግር ምን ያህል እንደገፋ የሚለካ መሣሪያ አለው፤ ሞተሩ ያንን አባዝቶ ያግዛል። በአውሮፓ ሕግ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲደርስ እርዳታው ይቆማል። ከዚያ በላይ ለመሄድ ወይ ቁልቁለት ወይ የራስ ጉልበት ያስፈልጋል።

የድሮኑ ኩባንያ ከች አለ

በዚህ ሜዳ ለዓመታት ስሙ የገነነው የጀርመኑ ቦሽ ነበር። ታዋቂው ሞተሩ 85 ኒውተን ሜትር ጉልበት፣ 600 ዋት ከፍተኛ ኃይል ነበረው። እ.ኤ.አ በሐምሌ 2024 በፍራንክፈርቱ ዩሮባይክ ኤግዚቢሽን ወቅት ግን ያልተጠበቀ ፈራሚ መጣ። የቻይናው ዲጄአይ! አዎ፣ ሰርግ ላይ ከአናታችን በላይ የሚያንዣብበውን ድሮን የሚሠራው ድርጅት ነው።

አቪኖክስ የተባለው ሞተሩ 2.52 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ጉልበቱ 105 ኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ለአጭር ጊዜ በሚሰጠው ተጨማሪ ግፊት 120 ይደርሳል። ከፍተኛ ኃይሉ 1000 ዋት ነው። ሞተሩን ይዞ የወጣው አምፍሎው የተባለው ብስክሌት ቀላሉ ሞዴል 19.2 ኪሎ ግራም መሆኑ ሲነገር ብዙዎች ጆሯቸውን ተጠራጠሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰልፎ ሀትሪክ የሠራ አጥቂ አስቡ። ቦሽም ዝም አላለም፤ እ.ኤ.አ በ2025 ክረምት ሞተሩን በሶፍትዌር ወደ 100 ኒውተን ሜትርና ወደ 750 ዋት ከፍ አደረገው።

ይሁንና የመጀመሪያው አምፍሎው የኋላ አሞርዛተሩ 150 ሚሊ ሜትር ነበርና የቁልቁለቱ ሰዎች «ይሄ ሞተር እውነተኛ የኢንዱሮ ቴላዮ ላይ ቢገባስ?» ማለት ጀመሩ። ሌሎች አምራቾችም ሞተሩን በየቴላዮአቸው መግጠም ያዙ። የጥበቃው ትኩሳት ከዚህ የመጣ ነው። ደጋፊው የሚፈልገው ብዙ ነው፦ 170 ወይም 180 ሚሊ ሜትር አሞርዛተር፣ ቀኑን ሙሉ የሚያዘልቅ ባትሪ፣ የ1000 ዋት ሞተር፣ ክብደቱ ደግሞ እንደ ላባ። ዋጋውን አትጠይቁ! ከ10 ሺህ ዩሮ በላይ የሚጠሩ ሞዴሎች አሉ።

ከዞልደር እስከ ፓሪስ

ይሄ ሁሉ ሆይ ሆይታ ጥሩ ነው። ግን አንድ የሚቆረቁር ጥያቄ አለ። ሞተር ያለው ብስክሌት ስፖርት ነው እንዴ?

እ.ኤ.አ በጥር 2016 መጨረሻ በቤልጂየም ዞልደር የዓለም የሳይክሎክሮስ ሻምፒዮና ላይ የ19 ዓመቷ ቤልጂየማዊት ፌምኬ ቫን ደን ድሪሼ ብስክሌት ሲፈተሽ ቴላዮው ውስጥ የተደበቀ ሞተር ተገኘ። ልጅቷ «ብስክሌቱ የእኔ አይደለም፣ የጓደኛ ነው» ብትልም ዓለም አቀፉ የብስክሌት ኅብረት (ዩሲአይ) ለስድስት ዓመት አገዳት፤ 20 ሺህ የስዊስ ፍራንክም ቀጣት። የብስክሌት ዓለም አንገቱን ደፋ።

ሦስት ዓመት ሳይሞላት ግን፣ የሚገርመው ይሄ ነው፣ ያው ዩሲአይ የራሱን የሞተር ውድድር ለመጀመር ተዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ በ2019 በካናዳ ሞን ሴንት አን የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ተራራ ብስክሌት የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። ልዩነቱ አንድ ነው፤ አሁን ሞተሩ አልተደበቀም፣ ሁሉም አለው።

ታዲያ ሁሉም ሞተር ካለው ማን ያሸንፋል? በዚያ ዓመት ወርቁን የወሰደው የአህጉራችን ልጅ፣ ደቡብ አፍሪካዊው አላን ሃዘርሊ ነበር። በቀጣዩ ዓመት በኦስትሪያ ሊዮጋንግ ደግሞ እንግሊዛዊው ቶም ፒድኮክ አሸነፈ። «በሞተር ማንም ያሸንፋል» የሚል ካለ የሁለቱን ቀጣይ ታሪክ ይመልከት። ፒድኮክ እ.ኤ.አ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ያለ ሞተር ወርቅ አጠለቀ። በፓሪስ 2024 ደገመው። በፓሪስ ነሐሱን ያገኘውስ? ሃዘርሊ! እሱም በዚያው ዓመት በአንዶራ፣ በ2025 ደግሞ በስዊዘርላንድ ያለ ሞተር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሞተሩ ለሁሉም እኩል ሲሰጥ ልዩነቱን የሚያመጣው መልሶ እግርና ልብ ነው ማለት ነው።

የሚፈራው ነገር

እውነተኛው ስጋት ያለው ከውድድሩ ውጪ ነው። የአውሮፓ ሕግ እነዚህን ብስክሌቶች እንደ ተራ ብስክሌት የሚቆጥረው የሞተሩ ቋሚ ኃይል ከ250 ዋት እስካልበለጠ ድረስ ነው። ለቅጽበት ስለሚወጣው ከፍተኛ ኃይል ግን ጣሪያ አላበጀም። 1000 ዋቱ የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ከጨዋታ ውጪ መስመር ላይ ተጠንቅቆ እንደሚቆም አጥቂ፣ ሕጉን አልጣሰም፤ ዳኛውን ግን አስጨንቋል።

ዳኛው ደግሞ አንድ ቀን ፊሽካ ሊነፋ ይችላል። በጀርመን በሰዓት እስከ 45 ኪሎ ሜትር የሚያግዘው ፈጣኑ ዓይነት ዛሬም የኢንሹራንስ ታርጋ ይለጠፍበታል፣ ከሞተር ሳይክል ወገን ይመደባል። የአገሪቱ የብስክሌት ኢንዱስትሪ ማኅበር እ.ኤ.አ በ2025 ለከፍተኛ ኃይል የ750 ዋት ጣሪያ ይደረግ የሚል ሐሳብ ያቀረበው ይህን ፈርቶ ነው። የኃይል ሽቅድምድሙ ካልቆመ ተራው ብስክሌተኛም ከጫካው መንገድ አብሮ ሊባረር ነው።

ስለዚህ አዲሱ ሞዴል መጋረጃው ሲገለጥለት ደጋፊው መጀመሪያ የሚያየው የዋቱን ቁጥር ነው፤ አይፈረድበትም። የገዛው ዕለት ግን ከዋቱ በፊት ሌላ ነገር ያያል፦ ጫካው መግቢያ ላይ የቆመችውን ታፔላ። «ብስክሌት ይፈቀዳል» የምትለው ጽሑፍ እዚያው ካለች ጥበቃው ዋጋ ነበረው።