የሰርቨር አድራሻና የሶፍትዌር ፈቃድ

እንደሚታወቀው በአንድ ሰርቨር ላይ ብዙ ድረ ገጾችንና የኢሜይል ሣጥኖችን ለማስተዳደር የሆስቲንግ መቆጣጠሪያ ፓነል የሚባል ሶፍትዌር ያገለግላል። ከእነዚህ መካከል እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረው ሲፓነል በሰፊው ይታወቃል። ይሁን እንጂ በተከራዩት የክላውድ ሰርቨር ላይ ይህንን ፓነል ጭነው ፈቃዱን በውድ የውጭ ምንዛሪ የገዙ ሰዎች፣ ትናንት ይሠራ የነበረው ፈቃድ ዛሬ ተቀባይነት እንዳጣ የሚገልጽ መልእክት ሊገጥማቸው ይችላል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

የሲፓነል ፈቃድ የሚመዘገበው በሰርቨሩ የውጭ አይፒ አድራሻ ነው። ፓነሉ በየጊዜው ወደ ድርጅቱ የፈቃድ ሰርቨር ጥያቄ ይልካል፤ ያም ጥያቄው የመጣበትን አድራሻ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። ነገሩ ደንበኛውን በፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ብቻ ከሚያውቅ መሥሪያ ቤት ጋር ይመሳሰላል። የሣጥኑ ቁጥር ከተለወጠ ደንበኛው ያው ቢሆንም አይታወቅም።

በክላውድ ላይ ደግሞ ይህ ቁጥር በውሰት የሚገኝ ነው። የአራተኛው ትውልድ አይፒ አድራሻ 32 ቢት ስለሆነ ጠቅላላ ብዛቱ ከ4,294,967,296 አይበልጥም፤ ያልተመደበው ማዕከላዊ ክምችትም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2011 አልቋል። ስለሆነም አከራዮች አድራሻዎችን ከአንዱ ደንበኛ ወደ ሌላው ያዘዋውራሉ። ለምሳሌ በአማዞን ኢሲቱ አገልግሎት ሰርቨሩ ራሱ የሚያውቀው እንደ 10.0.0.5 ያለ የውስጥ አድራሻን ብቻ ሲሆን፣ ወደ ውጭ አድራሻ የሚለውጠው ኔትወርኩ ነው። ሰርቨሩ ሙሉ በሙሉ ቆሞ እንደገና ሲነሣ በራሱ የተመደበው የውጭ አድራሻ ይለወጣል፤ በአንጻሩ ሳይቆም ሪስታርት ቢደረግ አይለወጥም። የሰርቨሩን ቅጂ ወስደን ሌላ ሰርቨር ስናስነሣም ፈቃዱ አብሮ አይሄድም፤ አዲሱ ሰርቨር አዲስ አድራሻ አለውና።

ፈቃዱ ሲቋረጥ የተጫኑት ድረ ገጾች ለጎብኚዎች መታየታቸውን ይቀጥላሉ፤ የሚዘጋው አስተዳዳሪው የሚገባበት በር ነው። በመሆኑም ሰርቨሩ ተበላሸ ብሎ ሁሉን ነገር ከመደምሰስ በፊት አድራሻውን መመርመር ይገባል።

መፍትሔው ቅደም ተከተልን መጠበቅ ነው። በመጀመሪያ ቋሚ የውጭ አድራሻ እንይዛለን፤ በአማዞን ዘንድ ይህ ኢላስቲክ አይፒ ይባላል። ቀጥሎ ከሰርቨሩ የሚወጣው ጥያቄ በእርግጥ በዚያው አድራሻ መውጣቱን እናረጋግጣለን፤ ጥያቄው በሌላ የጋራ መውጫ በኩል ካለፈ የፈቃድ ሰርቨሩ የሚያየው የመውጫውን አድራሻ ነውና። ፈቃዱን የምንገዛው ከዚህ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የሲፓነል ዋጋ በአካውንት ብዛት ስለሚወሰን ይህንንም አስቀድሞ ማስላት ያሻል።

ከዋጋው ለመሸሽ የተሰበረ ፈቃድ መጫን ግን የሰርቨሩን ሙሉ ሥልጣን ለማይታወቅ ሰው አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል። ለመማሪያና ለአነስተኛ ሥራ እንደ ቨርቹዋልሚን፣ ሄስቲያና አይኤስፒኮንፊግ ያሉ በነፃ የሚገኙ ፓነሎች አሉ። በእነዚህ የሚጀምር ተማሪ ገንዘቡን ሳያባክን ሙያውን ይማራል።