«ኪሎዬን ንገረኝ፣ ግፊቴን ተወው»

መገናኛ ታክሲ ተራ አጠገብ ሚዛንና የደም ግፊት መለኪያ ይዞ የሚቀመጥ ወጣት አለ። ኪሎውን የሚመዘን ወንድ አያጣም፤ ክንዱን የሚዘረጋለት ግን ጥቂት ነው። አንድ ጎልማሳ የሚኒባስ ሾፌር ተመዝኖ ከፈለና ልጁ መለኪያውን ሲያነሣ እጁን ሰበሰበ። «ኪሎዬን ንገረኝ፣ ግፊቴን ተወው» አለው። በነፃ ልለካህ ቢባልም እምቢ አለ። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ተራ ሲጠብቅ አናገርኩት።

«ግፊት አለብህ ካሉኝ ጨው ተው፣ ጥሬ ሥጋ ተው፣ ክኒን ዋጥ ሊሉኝ ነው። መኪናዋ ካልጮኸች ጋራዥ አላስገባትም፤ ራሴንስ ለምን ብዬ?»

ሐኪም ለመጨረሻ ጊዜ ያየህ መቼ ነው? «ለመንጃ ፈቃድ። እሱም ዓይኔን።»

ሾፌሩ የሸሸው መሣሪያ ታሪክ አለው። ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ክንድ ላይ ተጠምጥሞ በአየር የሚነፋውን መለኪያ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው፤ አድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት። ጣሊያን በዚያ ዓመት ለዓለም ያተረፈችው ሽንፈት ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ያ መሣሪያ የሚነግረው ግን የላይኛውን ቁጥር ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1905 ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኮሮትኮቭ ማዳመጫውን ክንድ ላይ አሳርፎ፣ የደሙ ድምፅ ሲጀምር የላይኛውን፣ ሲጠፋ የታችኛውን ቁጥር ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። በሴንት ፒተርስበርግ ያቀረበው ጽሑፍ ከአንድ ገጽ ብዙም አያልፍም። የሰፈራችን ነርሶች ዛሬም የሚያዳምጡት ያንኑ ድምፅ ነው።

መሣሪያው ርካሽ ነው፣ ልኬቱም ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ታዲያ ወንዱ የት ሊያገኘው ነው? ሴቷ ስታረግዝ ግፊቷን ትለካለች፤ ልጅ ስታስከትብም ጤና ጣቢያ ትመላለሳለች። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች አሰማርቷል፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ በር ሲያንኳኩም አባወራው እርሻ ወይም ሥራ ላይ ነው። ወንድ ቸልተኛ ነው ብሎ መዝጋቱ ይቀላል፤ እኔ ግን አልስማማም። ወንዱን ደህና ሳለ ለምርመራ የሚቀጥረው የለም።

ይህንኑ ለአንድ የጤና ዘርፍ ኃላፊ አቅርቤ፣ ከሚለካው ሰው ስንቱ ወንድ እንደሆነ ጠየቅኩ። «በደብዳቤ ጠይቁን» አሉ። ደብዳቤው ገባ፤ መልስ የለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት 16 በመቶ ያህሉ ግፊታቸው ከፍ ያለ መሆኑን አግኝቷል። ከፍ ያለ ግፊት ሕመም ሳያሰማ ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን ይጎዳል። ሾፌሩ ይህን ያውቃል።

«ጓደኛዬ መሪ እንደያዘ ግማሽ ጎኑ ከዳው። ምሳ አብረን በልተን ነበር፤ ደህና ነበር።»

ከዚያ በኋላም አልተለካህም?

«ከዚያ በኋላማ ጭራሽ ፈራሁ።»

የዕድር ዳኞች ሆይ፣ በወር አንድ እሑድ አባወራዎች እናንተ ዘንድ ይሰበሰባሉ። ድንኳንና ወንበር ከምትገዙበት ገንዘብ ላይ አንድ መለኪያ ግዙ፤ ከአባላቱ ነርስ የሆነ አይጠፋም፣ መዋጮ ከመሰብሰቡ በፊት ይለካ። ቁጥሩ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነበት አባል በሌላ ቀን ይደገምለት፤ ካልወረደ ሐኪም ዘንድ ብቻውን አትስደዱት፣ አንድ ሰው ይሸኘው።