ማሽንን የማስነሣትና የማቆም ትምህርት

የኤሌክትሪክ ሞያ የሚማር ወጣት ዛሬ ከፒንሳና ከካቻቪቴ ሌላ ፒ.ኤል.ሲ. የሚባለውን መሣሪያ ማወቅ ግድ ሆኖበታል። ይኸውም የፋብሪካ ማሽኖች መቼ እንዲነሡ፥ መቼም እንዲቆሙ የሚያዝዝ አነስተኛ ኮምፒዩተር ነው። ጠርሙስ በሚሞላበት፥ ስኳር በሚመረትበት፥ ሲሚንቶ በሚፈጭበት ስፍራ ይሠራል። «ይህማ የኢንጂነር ነገር ነው፤ ለእኛ ልጅ ይሆናልን?» ለሚሉ ወላጆች፥ መሣሪያው በመጀመሪያ ለማን ተብሎ እንደ ተሠራ መንገር የሚጠቅም መስሎናል።

በአሜሪካ አገር የጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ፥ አውቶማቲክ ካምቢዮ በሚሠራው ሃይድራማቲክ በተባለው ክፍሉ፥ ማሽኖቹን የሚያዝዘው በብዙ ሪሌይ ነበር። ሪሌይ ማለት በኤሌክትሪክ ኃይል የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ ነው። የመኪናው ሞዴል በተለወጠ ቍጥር ሠራተኞች ቁም ሣጥን የሚያህለውን ሰሌዳ ከፍተው ሽቦውን ፈትተው እንደገና ማሰር ነበረባቸው። ስለዚህ ክፍሉ እ.ኤ.አ. በ1968 ሽቦ ሳይፈታ ትእዛዙ ብቻ የሚለወጥ መሣሪያ እንዲሠራለት ጠየቀ። ዲክ ሞርሊና ባልደረቦቹ የሠሩት ሞዲኮን 084 በ1969 ቀረበ፤ ቍጥሩም የድርጅታቸው 84ኛ ሥራ መሆኑን ያመለክታል።

እኛ እጅግ የምናደንቀው ግን የትእዛዙን አጻጻፍ ነው። የፋብሪካው ኤሌክትሪሻን ቀድሞ የሚያውቀው የሪሌይ ሥዕል፥ ሁለት ቋሚዎችና በመካከላቸው እንደ መሰላል የተረበረቡ መስመሮች ያሉት፥ ራሱ ቋንቋ ሆነ። አሮጌው ባለሞያ ከነዕውቀቱ ወደ አዲሱ ሥራ ተሻገረ እንጂ አልተጣለም። መሣሪያው በየጊዜው ከቁልፎች የሚመጣውን ምልክት ይቀበላል፤ መሰላሉን ከላይ እስከ ታች ያነባል፤ ከዚያም ለሞተሮች ትእዛዝ ይሰጣል። ይህን ሁሉ ፈጽሞ እንደገና የሚጀምረው በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው።

ተማሪው በመጀመሪያ የሚሠራው አንድ ሞተር በሁለት ቁልፍ ማስነሣትና ማቆም ነው። ማስነሻው ተጭኖ ቢለቀቅም ሞተሩ መዞሩን እንዲቀጥል፥ የሞተሩ ምልክት ራሱ ከማስነሻው ጎን ይጻፍና ትእዛዙን ይዞ ያቆየዋል። ይህ ይቀላል፤ ደስም ያሰኛል።

ችግሩ ማቆሚያው ላይ ነው። ጀማሪ ማቆሚያው ሲጫን ብቻ ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ አድርጎ ያስረዋል። በልምምድ ክፍል መልካም ሆኖ ይሠራል። ነገር ግን አንድ ሌሊት አይጥ ሽቦውን የበላችው እንደ ሆነ፥ የሠራተኛው እጅ ማሽን ውስጥ ገብቶ ጓደኛው ማቆሚያውን ቢጫን የሚሰማ የለም። ስለዚህ ማቆሚያው ዘወትር ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ ሆኖ ይታሰራል፤ ሲጫንም ሆነ ሽቦው ሲበጠስ ምልክቱ ይጠፋል፥ ሞተሩም ይቆማል። ታዲያ በመሰላሉ ላይ ይህ ቁልፍ የሚሣለው ክፍት በሚባለው ምልክት ነው፤ ምልክቱ የሚጠይቀው «ኤሌክትሪክ አለን?» ብሎ ነውና። ብዙ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የአደጋ ማቆሚያ ግን ከዚህም በላይ ነው፤ ለተራ ፕሮግራም ብቻ አይታመንም፥ የሞተሩን ኃይል በራሱ በተለየ መስመር ይቈርጣል።

ለመለማመድ ብዙ ወጪ አያስፈልግም። በኮምፒዩተር ላይ መሣሪያውን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ ሁለት ቁልፍና አንዲት የ24 ቮልት አምፖልም ለጀማሪ ይበቃሉ። ሆኖም ወላጆች ትምህርት ቤት ሲመርጡ፥ ተማሪው ሽቦውን በገዛ እጁ ያስር እንደ ሆነ ይጠይቁ፤ በመስኮት ኮምፒዩተር ብቻ ተደርድሮ ቢያዩ አይቸኵሉ። ጥሩ መምህር ሞተሩ እየዞረ ሳለ የማቆሚያውን ሽቦ ይነቅለዋል። ሞተሩ ከቆመ ተማሪው ወደሚቀጥለው ትምህርት ያልፋል፤ መዞሩን ከቀጠለ ወደ ሥዕሉ ይመለሳል።