አሚጋ 500ን ማሳደግ፦ ሜሞሪ የጨመረ ሁሉ አላፈጠነም

ስለ ቤት ኮምፒውተር ታሪክ ሲወራ አፕልና አይቢኤም ቀድመው ይነሳሉ፤ የአሚጋ 500 ስም ግን ከስንት አንዴ ነው የሚጠራው። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። ኮሞዶር እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ ያቀረበው ይህ ማሽን በ512 ኪሎ ባይት ሜሞሪ ብቻ ከ4,096 ቀለሞች እየመረጠ ሥዕል ያወጣል፣ በአራት ቻናል ስቴሪዮ ሙዚቃ ይጫወታል፣ ብዙ ፕሮግራሞችንም ጎን ለጎን ያስኬዳል። በዚያ ዘመን የአብዛኛው ቢሮ ፒሲ ድምፅ «ጢጥ» ከማለት አያልፍም ነበር። የአሚጋ ቁልፍ ሰሌዳና ኮምፒውተሩ አንድ አካል ናቸው፤ ፕሮግራሙ 880 ኪሎ ባይት ከምትይዝ ፍሎፒ ይጫናል። ስለ አጠቃቀሙ ይህን ያህል ይበቃል።

ጉልበቱ ያለው ጄይ ማይነርና ባልደረቦቹ በነደፏቸው አግነስ፣ ዴኒስና ፓውላ በተባሉ ሦስት ቺፖች ላይ ነው። ሥዕሉን፣ ድምፁንና ዲስኩን የሚያስተናግዱት እነሱ ስለሆኑ ፕሮሰሰሩ ለሌላ ሥራ ነፃ ይሆናል። ይህን ያልተረዳ ሰው አሚጋን ለማሳደግ ሲነሳ ገንዘቡን ያባክናል።

የምኖረው ጀርመን ነው። ኮሞዶር ብራውንሽቫይግ ከተማ ፋብሪካ ስለነበረው፣ አሚጋ 500ም እዚያ ይገጣጠም ስለነበር፣ በየአሮጌ ዕቃ ገበያው ዛሬም ይገኛል። ገዝተው ይዘውልኝ የሚመጡ ወዳጆቼ ጥያቄያቸው ሁሌም «እንዴት ላፍጥነው?» ነው። እኔ ደግሞ ገልብጬ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ክዳን ሳልከፍት መልስ አልሰጥም።

ከዚያች ክዳን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ኤ501 የተባለው ካርድ፣ ወይም እሱን መስሎ የተሠራ ሌላ ካርድ ይገኛል። 512 ኪሎ ባይት ሜሞሪና ሰዓት አለው፤ ለሰዓቱ ደግሞ ቦርዱ ላይ የተበየደች ድብልብል ባትሪ አለችው። ጠላታችን እሷ ናት። ማሽኑ ሲበራ እየሞላች፣ ሲጠፋ ሰዓቱን እያስኬደች እንድትኖር የተሠራች ኒኬል ካድሚየም ባትሪ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ቁም ሣጥን ላይ ስትጣል ግን ታፈሳለች። ፈሳሹ የመዳቡን መስመሮች አረንጓዴ ያደርጋል፣ የቺፖቹን እግር ይበላል፣ ከካርዱ ማገናኛ አልፎ ወደ ዋናው ቦርድ ይሄዳል። ብዙ ሰው «አሲድ ነው» ብሎ ቤኪንግ ሶዳ ይነሰንስበታል። አሲድ አይደለም፣ ተቃራኒው አልካላይ ነው፤ የሚያረክሰው ኮምጣጤ ነው። ባትሪዋን በፒንሳ ቆርጣችሁ አውጡ፣ ቦታውን ኮምጣጤ በነካ የጥርስ ብሩሽ እሹት፣ በአልኮል አጥባችሁ በደንብ አድርቁ። «እስካሁን አላፈሰሰችም» የሚለኝ ሰው ያናድደኛል፤ ማፍሰሷ አይቀርም። በእሷ ቦታ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነችውን ባትሪ የምትተኩ ደግሞ ዳዮድ አትርሱ፤ ያቺ ባትሪ ቻርጅ አትደረግም፣ ካርዱ ግን ቻርጅ ሊያደርጋት ይሞክራል።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። የክዳኑ ካርድ ሜሞሪውን ወደ አንድ ሜጋ ባይት ያደርሳል፣ ማሽኑን ግን በቅንጣት አያፈጥንም። አንድ ወዳጄ ካርዱን ሰክቶ «በረረ!» አለኝ። ሲስኢንፎ የተባለውን መለኪያ ፕሮግራም ያለ ካርዱና ከነካርዱ አስኬድንለት፤ ቁጥሩ ያው ነው። የተለወጠው ሌላ ነገር ነበር። ፕሮግራሙ ቦታ ስላገኘ ፍሎፒውን ቶሎ ቶሎ ማንበብ አቁሟል፣ ወዳጄም ያንን እንደ ፍጥነት ቆጠረው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የአሚጋ የመጀመሪያው ሜሞሪ፣ ማለትም ቺፕ ሜሞሪ የሚባለው፣ የፕሮሰሰሩም የሦስቱ ቺፖችም የጋራ ነው፤ መንገዱ አንድ ሲሆን ተራ አስከባሪዋ አግነስ ናት። አሥራ ስድስት ቀለም ያለው ተራ ሥዕል ሲታይ በ7.09 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው 68000 ፕሮሰሰር ብዙም አይጎዳም፤ ቺፖቹ ፕሮሰሰሩ በማይፈልጋቸው ቅጽበቶች ያልፋሉ። ቀለሙ ሠላሳ ሁለት ሲሆን ግን ከእሱ ድርሻ መውሰድ ይጀምራሉ። በከፍተኛ ጥራት አሥራ ስድስት ቀለም ስታወጡ፣ የሥዕሉ መስመር እየተሳለ ባለበት ጊዜ ፕሮሰሰሩ ሜሞሪውን ሳይነካ ቆሞ ይጠብቃል። የክዳኑ ሜሞሪም የተንጠለጠለው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ይባስ ብሎ ቺፖቹ ሊጠቀሙበት አይችሉም፣ ፕሮሰሰሩ ግን የእነሱን ወረፋ ይጠብቃል። ቦኖው አንድ ሆኖ ሳለ ጀሪካን እንደመጨመር ነው።

እውነተኛ ፍጥነት የሚመጣው አግነስ ከማታየው ሜሞሪ ነው። በግራ ጎን ባለው ማገናኛ በኩል ወይም በራሱ በፕሮሰሰሩ ሶኬት ላይ እስከ 8 ሜጋ ባይት ይጨመራል፤ ሥዕሉ የፈለገውን ያህል ቢደምቅ ፕሮሰሰሩ እዚያ ውስጥ ማንንም ሳይጠብቅ ይሠራል። ኮሞዶር ራሱ ኤ590 በተባለው የሃርድ ዲስክ ሣጥን ውስጥ እስከ 2 ሜጋ ባይት የሚሆን ቦታ አዘጋጅቶ ነበር። ዛሬ ፓይስቶርም የሚባለው ቦርድ ፕሮሰሰሩን አውጥቶ በቦታው ራስበሪ ፓይ ያስቀምጣል። ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ነው፤ የማሽኑን ፍጥነት ተማምነው የተጻፉ የድሮ ጨዋታዎች ግን ይሰናከሉበታል። እኔ 68000ው በሶኬቱ ቢቆይ፣ ጥቂት ፈጣን ሜሞሪ ቢታከልለት እመርጣለሁ።

ፍሎፒ የሰለቸው ሰው ፍላሽ የሚቀበለውን ጎቴክ በድራይቩ ቦታ ይግጠም። መንኪ አይላንድ 2 የተባለው ጨዋታ በአሚጋ 11 ፍሎፒ እንደነበር የሚያውቅ አይከራከረኝም። «ካፓሲተሮቹን ሁሉ ቀይር» የሚለውን ምክር ግን አትቀበሉ፤ እሱ በአሚጋ 600ና 1200 ላይ እውነት ነው፣ የ500ዎቹ ባብዛኛው ደህና ናቸው። ደህናውን ቦርድ ያለ ሙያ በመበየጃ መነካካት ነው የሚያበላሸው።

የክዳኑን ካርድ ግን አትጣሉት። አግነስ ላይ 8372ኤ የሚል ተጽፎ ካያችሁና የዋናው ቦርድ እትም 6ኤ ከሆነ፣ ያ 512 ኪሎ ባይት ቺፖቹም የሚጠቀሙበት ሊሆን ይችላል። ጄፒ2 የተባለውን መገናኛ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ማዞር፣ ጄፒ7ኤን መቁረጥ ነው ሥራው። ፍጥነት አይጨምርም፤ ለሥዕልና ለድምፅ ግን እጥፍ ቦታ ይሰጣል። ቁጥሩን ለማንበብ ብላችሁ አግነስን በካቻቢቴ አትፈንቅሉ፤ የሶኬቱ ማዕዘን ይሰበራል፤ ካስፈለገ መንቀያ ግዙ። ከዚያ ማሽኑን አስነስታችሁ «አቫይል» የሚለውን ትእዛዝ ስጡ። በቺፕ ሜሞሪው መስመር ከአንድ ሚሊዮን የሚያልፍ ባይት ካሳየ ሠርቷል፤ ክዳኗን መልሳችሁ ግጠሙ።