የፍልሰታ በዓል አመጣጥና ትርጉም

በወልድያ፣ በመርሳና በሐብሩ ገጠር ነሐሴ ከገባ ጀምሮ ኦርቶዶክሳዊው ምእመን፣ ሕፃናት ሳይቀሩ፣ 15 ቀን ጾሞ በ16ኛው ቀን ይፈታል። በሮማ ሥርዓት የሚመሩት ካቶሊካውያን ግን የእመቤታችንን ዕርገት የሚያከብሩት እ.ኤ.አ. ኦገስት 15 ቀን፣ ይኸውም በእኛ ነሐሴ 9 ቀን ነው። ብዙዎቻችን ይህን ልዩነት የዘመን አቆጣጠር ያመጣው አድርገን እንገምታለን። በዚህ ጽሑፍ ግን ምክንያቱ ሌላ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ልዩነቱ የአቆጣጠር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ኦገስት 15 የሚውለው በእኛ ነሐሴ 22 ቀን ስለ ሆነ፣ በዓላችን በዚያ ቀን በዋለ ነበር። የቍስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ማውሪቅዮስ (582–602 እ.ኤ.አ.) በዓሉ በኦገስት 15 እንዲከበር አዘዘ፤ በሮማም ሊቀ ጳጳሳቱ ሰርግዮስ 1ኛ (687–701 እ.ኤ.አ.) በዑደት እንዲከበር አደረገ። ኢትዮጵያና የግብጽ ቅብጦች ግን የያዙት ሌላ ትውፊት ነው።

በዚህ ትውፊት መሠረት እመቤታችን ያረፈችው ጥር 21 ቀን ነው። ሐዋርያት ሥጋዋን ለማግኘት ከነሐሴ 1 ቀን ጀምረው ሱባኤ ያዙ፤ በ14 ተሰጥቷቸው በጌቴሴማኒ ቀበሩት፤ በሦስተኛው ቀን፣ በ16፣ ተነሥታ ዐረገች። ቶማስ በደመና ሲመጣ አግኝቷት ሰበኗን ተቀበለ። የቀሩት ሐዋርያትም ይህን ለማየት በተከታዩ ዓመት እንደገና ጾሙ ይባላል። እንግዲህ ሌላው በአንድ ቀን የሚያስበውን እኛ በሁለት ከፍለን እናስባለን፤ በመካከሉም 205 ቀን አለ። «ፍልሰታ» የሚለውም ቃል «ፈለሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ሆኖ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድን ያመለክታል።

ይህ ክፍፍል በአካባቢያችን በግልጥ ይታያል። ከሐብሩ በስተ ደቡብ፣ በአምባሰል፣ ምእመናን የጥር 21ን በዓል ለማክበር ወደ ግሸን ማርያም ይወጣሉ፤ ጊዜው በጋ ነው። የነሐሴው ግን ክረምቱ ሲበረታ፣ ምድር በለመለመች ጊዜ ይውላል። ልጃገረዶች ቅጠል በወገባቸው አስረው ይጨፍራሉ፤ ጨዋታውም ከወልድያ በስተ ሰሜን በራያ ቆቦ ሶለል፣ በስተ ምዕራብ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግም ሻደይ ይባላል።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርቱን የደነገገችው በቅርብ ጊዜ ነው። ሊቀ ጳጳሳቱ ፒዮስ 12ኛ ጥቅምት 22 ቀን 1943 ዓ.ም. ማርያም በነፍስና በሥጋ ወደ ሰማይ መወሰዷን ሲያውጁ፣ አስቀድማ ሞታ እንደ ሆነ ግን በውሳኔው ቃል አልቈረጡም። የእኛ ትውፊት ሞቷን፣ መቃብሯንና ትንሣኤዋን በየቀኑ ለይቶ ይናገራል። በግእዝ ሥርዓት የሚቀድሱት ኢትዮጵያውያን ካቶሊካውያን ደግሞ በዓሉን እንደ አገራቸው ነሐሴ 16 ቀን ያከብራሉ። ሰሜን ወሎ ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም. በተቋቋመው የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ በቀን መለያየት የእምነትን መለያየት አያስረዳም። ሁለቱም ወገን የሚመሰክሩት የሰው ሥጋ ለመቃብር ብቻ እንዳልተፈጠረ ነው። በሐብሩ ዘመዷን የቀበረች እናት ሁለት ሱባኤ ስትጾም የምትጠብቀው ይህንኑ ተስፋ ነውና፣ ቀኑን ከመቍጠር ይልቅ ትርጉሙን መመርመር ይገባናል።